«ጥላ» ስላችሁ ዛፍ ሳላችሁ

(ባለፈው ቅዳሜ አዲስ አበባ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወጣት ሰዓሊዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። «እ…» እና «ማለቴ…» የሚሉትን ቀንሼ ሌላውን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ? ኧረ ድምፅ የለም! እንደምን ዋላችሁ? እሺ፣ አሁን ሰው እንዳለ ገባኝ።

በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፣ ኑ ግቡ። ፊት መቀመጥ የሚወድ ሰው የለም፣ አውቃለሁ። እኔም ተማሪ እያለሁ ኋላ ነበርኩ። ዛሬ ግን ትስላላችሁ፣ ብርሃኑ ደግሞ እዚህ ይሻላል።

ወረቀት አላችሁ? እርሳስ? እስክሪብቶም ይሆናል። አንድ ቃል እነግራችኋለሁ፣ አንድ ደቂቃ አላችሁ። ብዙ አታስቡ፣ ዝም ብላችሁ ሳሉ። ቃሉ «ጥላ» ነው። ጥላ። ጀምሩ።

…

በቃ፣ እርሳስ አስቀምጡ። ዛፍ የሳለ እጁን ያውጣ። አታፍሩ፣ አውጡ! አያችሁ? ከአዳራሹ ግማሽ በላይ ነው። ዛፍ፣ ከሥሩ ሰው ወይም በግ። አይደል? ዣንጥላ የሳለስ? ይሄም ብዙ ነው፣ ዝናቡ ረድቷችኋል። ግድግዳ ላይ ያረፈ የሰው ጥላ? እሺ። ከዚህ ሌላ የሳለ አለ? አንቺ፣ ባለ ሰማያዊ ሹራቧ። ምን ሳልሽ? «አባቴን።» አባትሽን? ለምን? «ከሥራ ሲገባ ሁላችንም ዝም እንላለን። ጥላው ይከብዳል።»

አጨብጭቡላት! እኔ አሁን ወደ ቤቴ ብሄድ ይሻለኝ ነበር፤ የኔን ንግግር በአንድ ደቂቃ ጨረሰችው። ግን ተጠርቼ ነው የመጣሁት፣ ሻይም አጠጥታችሁኛል። ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ ስለ መጀመሪያው ሥዕል፣ ሁለተኛ ስለ ቃሉ፣ ሦስተኛ ስለ አርብ። አርብ ምን አገባት እንዳትሉኝ፣ እንደርስበታለን።

በመጀመሪያ ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ፔኔሎፒ ዱላገን የምትባል ሰዓሊ አንድ ልማድ ጀመረች። በየሳምንቱ አርብ አንድ ቃል ትሰጥ ነበር። የፈለገ ሰው፣ የትም አገር ያለ፣ በሳምንቱ ውስጥ ለዚያ ቃል ሥዕል ይሠራ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው። ሽልማት የለ፣ ዳኛ የለ። በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ጄክ ፓርከር የተባለ ሌላ አሜሪካዊ «ኢንክቶበር»ን ጀመረ። የራሱን የጽሕፈት ቀለም (ኢንክ) አሳሳል ለማሻሻል ብሎ ነው የጀመረው። በኦክቶበር ወር 31 ቀን፣ በየቀኑ አንድ የቀለም ሥዕል። ቆይቶ ለየቀኑ አንድ አንድ ቃል ወጣለት። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ይሄኛውን ነው።

እኔ የዕለቱን ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴም በዘጠነኛው ቀን ወድቄያለሁ። የዕለቱ ለእጅ ጥሩ ነው፣ እጅ ያፍታታል። ግን በየቀኑ የሚስል ሰው ለማሰብ ጊዜ የለውም፣ የመጣለትን ይስላል። የሳምንቱ ቃል ግን አብሮህ ታክሲ ይሳፈራል። ወረፋ ላይ አብሮህ ይቆማል። ሰኞ ያልገባህ ሐሙስ ሽንኩርት ስትከትፍ ይገባሃል። ስለዚህ እኔ የሳምንቱ ወገን ነኝ።

የጀመርኩት በ2011 ዓ.ም. ነው። ሥራ ጠፍቶብኝ ነበር። ለልጆች መጽሐፍ እስላለሁ፣ ግን በዓመት ሁለት መጽሐፍ ቢመጣ ነው። እጄ እንዳይዝግ ብዬ በእንግሊዝኛ የሚወጡትን ቃላት መከተል ጀመርኩ። አንድ ሳምንት «ስፕሪንግ» የሚል ቃል መጣ። መዝገበ ቃላት አየሁ፣ ወቅት ነው ይላል። እሺ ብዬ ቁጭ አልኩ። ሹል ጣሪያ ያለው ቤት ሳልኩ። አጥሩ ላይ እየቀለጠ ያለ በረዶ፣ ከበረዶው ሥር ብቅ ያለች አበባ፣ አንዲት ወፍ። ወፏን የትም አይቻት አላውቅም። አራት ቀን ለፋሁበት። ደስ ብሎኝ ለእማዬ አሳየኋት። አየችው፣ መነጽሯን አድርጋ እንደገና አየችው። «ጎበዝ። ይሄ አጥር ላይ የተሰጣው ጥጥ ነው?»

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም ነበር። ትክክል ነበረች እኮ! እኔ በረዶ የማውቀው ቆርቆሮ ጣሪያ ሲደበድብ ነው። ነጭ ሆኖ አጥር ላይ ተኝቶ አይቼው አላውቅም። የሌላ ሰው ፖስት ካርድ ነበር የሳልኩት።

የሚያናድደው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ያው ቃል በእንግሊዝኛ ምንጭም ነው፣ ሞላም ነው። እኔ ደግሞ ምንጭ አውቃለሁ! አያቴ ሰፈር ጀሪካን የሚሰለፍባት ምንጭ ነበረች። ቀድሞ ያስቀመጠ ይቀዳል፣ ሰውየው ባይኖርም ጀሪካኑ ወረፋ ይይዝለታል። ሞላ ደግሞ ፍራሼ ውስጥ አለ፣ ሌሊት ጎኔን ይወጋኛል። ሁለቱም የኔ ነበሩ። ትቻቸው በረዶ ሳልኩ።

ከዚያ በኋላ በአማርኛ ቃል ብቻ እሠራለሁ ብዬ ወሰንኩ። ፈረንጅ ጠልቼ አይደለም። የማልመው በአማርኛ ስለሆነ ነው።

እሺ፣ አንደኛው ነጥብ። የመጀመሪያው ሥዕል። ቃሉን ስትሰሙ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሥዕል የእናንተ አይደለም። የሁሉም ሰው ነው። አሁን አየነው አይደል? አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት ስለተማርን፣ አንድ ዓይነት ቴሌቪዥን ስላየን፣ ጥላ ሲባል ዛፍ ነው። ዛፉ ጥፋት የለበትም። ግን ዛፉን ሁሉም ስሎታል።

አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ተምረዋል። ጎጃም ነው። ተማሪው ጠዋት ቅኔ ቆጠራ ይወጣል። ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቅኔውን ያወጣል ያወርዳል። ጀማሪ ከሆነ ጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፣ እሳቸው ያቀኑለታል። አያቴ አንድ ቀን ኮርተው የቆጠሩትን ቅኔ ይዘው ገቡ። ወረፋቸው እስኪደርስ ተቀመጡ። ከፊታቸው የነበሩት ሦስት ተማሪዎች ያንኑ ምስጢር ተናገሩት! ቃሉ ቢለያይም ሰሙም ወርቁም ያው። አያቴ የራሳቸው ተራ ሲደርስ «ዛሬ አልቆጠርኩም» ብለው ዋሹ። ይሄን ሲያወሩ ሰማንያ ዓመታቸው ነበር፣ አሁንም ያፍሩ ነበር።

እኔ ምን አደርጋለሁ? ወረቀት እወስዳለሁ፣ አሥራ ሁለት ሳጥን እሠራበታለሁ። የክብሪት ቀፎ የምታክል ሳጥን፣ ከዚያ አትበልጥም። በእያንዳንዷ ውስጥ አንድ ሐሳብ እጭራለሁ። ማስዋብ የለም። «ጥላ» ለኛም፣ በየሳምንቱ አንድ ቃል አብረን ለምንስል ጓደኞች፣ ደርሶን ነበር። አንደኛ ሳጥን ዛፍ። ሁለተኛ ዣንጥላ። ሦስተኛ ግድግዳ። አራተኛ ምን ይመስላችኋል? እንደገና ዛፍ! ሌላ ዓይነት ዛፍ። አእምሮ ሰነፍ ነው፣ የበላበት ሳህን ላይ ይመለሳል። አምስተኛ የጥምቀት ጥላ፣ ታቦት ሲወጣ ካህናቱ የሚይዙት፣ ባለ ዘርፉ። ስድስተኛ ሊስትሮ በተሰበረ ጥላ ሥር። ሰባተኛ «ጥላ ቢስ» የሚባል ሰው። ይሄን ለመሳል ሞክሩ እስቲ፣ ይከብዳል! ስምንት፣ ዘጠኝና አሥር ቆሻሻ ናቸው፣ አልነግራችሁም።

አሥራ አንደኛዋ ሳጥን ላይ ስደርስ እጄ «ጥላሸት» ብሎ ጻፈ። ሥዕል እንኳ አልመጣልኝም፣ ቃሉ ነው የመጣው። ጥላ፣ ጥላሸት። ወዲያው የአያቴ ማድቤት መጣ። ሴቷ አያቴ። ስንት ዓመት የእንጨት ጭስ የበላው ግድግዳ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ያረፈችበት ዓመት ዕቃ ልናነሳ ሄደን ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰፌድ አወረድኩት። ከኋላው ያለው ግድግዳ ንጹሕ ነበር። ክብ፣ የጭቃ ቀለም፣ ልክ በሰፌዱ መጠን። ያን ሁሉ ዓመት ጭሱ እዚያ አልደረሰም። ሰፌዱን ይዤ ቆምኩ። ጥላ ጥቁር ነው አይደል? ይሄኛው ነጭ ነበር።

እሱን ሳልኩት።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ይጠቅማችኋል። ወረቀቱን በሙሉ ከሰል ቀባሁት። ለሥዕል የሚሸጠው ከሰል ውድ ነው፤ ቀጭን የከሰል ስባሪ ከምድጃ ብትመርጡም ይሠራል፣ ግን ጠጠር እንዳይኖረው እዩ፣ ወረቀት ይቧጭራል። ከዚያ ክቡን በላጲስ አወጣሁት። መሳል ሳይሆን ማንሳት ነው። ላጲሱ ቆሻሻ ከሆነ ነጩን ያበላሽባችኋል። የዳቦ ልብ፣ ለስላሳው፣ ከመጥፎ ላጲስ ይሻላል። ድሮ ከሰል የሚያጠፉት በዳቦ ነበር። ብቻ በባዶ ሆድ አትጀምሩ፣ ሥዕሉ ሳያልቅ ዳቦው ያልቃል።

በነገራችን ላይ የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለም ውስጥም ጥላሸት ይገባል። ጥላሸት፣ የተቆላና ያረረ እህል፣ ሙጫ፤ ተደባልቆ ለወራት ይቀመጣል። ይሄን የነገረኝ አንድ ደብተራ ነው፣ ሥዕሌን ካየ በኋላ። የሳልኩትና የሚሳልበት ነገር አንድ ሆኖ ተገኘ። አቅጄው ቢሆን ኖሮ እንዴት በኮራሁ!

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፣ ሰዓት እየሄደ ነው። ቃሉ። ምን ዓይነት ቃል?

እኛ ስድስት ነን። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ባንክ ቤት ይሠራል፣ አንዷ አስተማሪ፣ ሁለቱ ግራፊክስ ይሠራሉ፣ እና እኔ። የቡና ጣሳ አለን። እያንዳንዳችን በብጫቂ ወረቀት ቃል ጽፈን እንከታለን፣ ቅዳሜ አንድ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ምን ይወጣ ነበር? «ሰላም»። «ፍቅር»። «ተስፋ»። ስድስታችንም ርግብ እንስላለን! ርግብ፣ ልብ፣ የምትወጣ ፀሐይ። ሦስት ሳምንት ርግብ ካየን በኋላ አስተማሪዋ «ከእንግዲህ በእጅ የማይያዝ ቃል ጣሳው ውስጥ አይግባ» አለች። ሕግ ሆነ። በጣም ጥሩ ሕግ ነው። ሰላምን ስትስሉ ምልክት ትስላላችሁ። «ወንበር» ስትስሉ ግን የሆነ ሰው መቀመጥ አለበት፣ ወይ ተነሥቶ መሄድ አለበት። ታሪክ ይመጣል።

«ቁልፍ» የወጣ ሳምንት ትዝ ይለኛል። አምስታችን የበር ቁልፍ ይዘን መጣን። የኔ በአንገት ላይ የታሰረ ቁልፍ ነበር፣ ቆንጆ ነበር፣ ግን ቁልፍ ነው። ነርሷ የሸሚዝ ቁልፍ ይዛ መጣች። አንድ አባት፣ በግራ እጁ የተኛ ልጅ አቅፎ፣ በቀኝ እጁ ሸሚዙን ይቆልፋል። ማታ በድንጋጤ ነው የለበሰው፣ አንዱ ቁልፍ ያለቦታው ገብቶ ሸሚዙ ተንጋዷል። «ሌሊት ተረኛ ስሆን ሁሌ የማያቸው ናቸው» አለች። ሸሚዙ ጠማማ መሆኑን ልብ በሉ። ያን ያላየ ሰው አይስለውም። እሷ ደግሞ ከስድስታችን ሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠችው ናት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቃሉን ሥዕሉ ላይ አትጻፉት! ጀማሪ ሁሉ ያደርገዋል። «ቁልፍ» ብሎ በትልቁ ይጽፋል፣ ሰው እንዳይሳሳት። ሰዓሊ ወሰኔ ኮስሮፍ ይጽፍ የለም ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። አዎ፣ ወሰኔ የአማርኛ ፊደልን ሸራ ላይ እያወጣ፣ እየጎተተ፣ እያስጨፈረ ዓለም ያወቀው ሰዓሊ ነው። ግን እሱ ፊደሉን ራሱን ነው የሚስለው። እናንተ የፈተና መልስ ነው የምትጽፉት።

ሰው ይረዳል፣ አትፍሩ። የእኛ ተመልካች ማንበብ ያውቃል። «ዓይን» በወጣበት ሳምንት የባንኩ ልጅ ወረፋ ሳለ። አሥራ አንድ ሰው፣ ሁሉም ፊቱን ወደኛ አዙሮ፣ ሁለት ሁለት ትልልቅ ዓይን። አንዱ ሰውዬ ብቻ በጎን ነው የሚታየው፣ ባለ አንድ ዓይን። ምንም ሌላ ነገር የለም። እማዬ ቡና ይዛ ገባች፣ ጎንበስ ብላ አየች። «እንዴ! ይሄ ሰውዬ ሌባ ነው!» ማን ነገራት? ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነገራት። እዚያ ቅዱሳን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሳላሉ፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን። ዕድሜዋን ሙሉ ስታየው ኖራለች። ልጁ ያን ተውሶ ባንክ ቤት ወረፋ ላይ አቆመው።

የኛ ሌላኛው ሕግ ይሄ ነው፦ ሥዕሉን መሬት ላይ እንዘረጋለን፣ የሳለው ሰው አፉን ይዘጋል። መጀመሪያ ሌሎቹ ያዩትን ይናገራሉ። መጀመሪያ ላይ ያማል። «ጥጥ ነው?» የሚባል ይኖራል።

ሦስተኛ፣ አርብ። አርብ ማታ ሥዕሉ ያልቃል። ባያልቅም ያልቃል። ገባችሁ? በአንደኛው ዓመት ከ52 ሳምንት 23 ብቻ ነው የጨረስኩት። የቀረው በጅምር አለ፣ አልጋ ሥር። ለምን? «ገና አልበሰለም» እያልኩ። አሁን እንደዚያ አልልም። መብራት ጠፋ? በሻማ እጨርሳለሁ። ቀለም አለቀ? በእስክሪብቶ። በቀደም «ድልድይ» ሲደርሰን ሰው የሌለበት፣ ውሃ የሌለበት፣ ድልድዩም ግማሽ የሆነ ሥዕል ይዤ ሄድኩ። አስቀያሚ ነበር። ተሳቀብኝ። ቅዳሜ ግን አዲስ ቃል ወጣ።

ስለ ሥራ ካነሳሁ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አልሄድም። ከሁለት ዓመት በፊት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መንገድ ላይ ከተዘረጉት መጻሕፍት ስመርጥ አንድ ሽፋን አየሁ። የኔ ሥዕል ነው! ለአንድ ሳምንት ቃል የሠራሁት፣ ስልኬ ላይ አንስቼ የለጠፍኩት። ጥጉ ላይ የነበረው ፊርማዬ ተቆርጦ ወጥቷል። ልጁን «ስንት ነው?» አልኩት። የራሴን ሥዕል ገዛሁ፣ እንዲያውም ተከራክሬ አስቀነስኩ። አሳታሚው ማን እንደሆነ አልናገርም። ደውዬ ነበር፣ «እኛ ከኢንተርኔት ነው ያገኘነው» አሉኝ። ኢንተርኔት የሳለው ይመስል!

ከዚያ ነው ሕጉን ፈልጌ ያነበብኩት። አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች። ጻፉት። ሥዕላችሁ ወረቀት ላይ ካረፈበት ጊዜ ጀምሮ የእናንተ ነው። ባታስመዘግቡትም የእናንተ ነው። በሕይወት እስካላችሁ፣ ከሞታችሁም በኋላ 50 ዓመት ለወራሾቻችሁ። ስለዚህ ዋናውን ወረቀት አትጣሉ፣ ከኋላው ቀን ጻፉ፣ አሥራ ሁለቱንም ሳጥኖች አብራችሁ አስቀምጡ። የሠረቀ ሰው ሥዕሉ ይኖረዋል፣ ሳጥኖቹ ግን የሉትም። ፊርማ ደግሞ ጥግ ላይ አታድርጉ፣ እንደኔ ይቆረጥባችኋል። ልብሱ እጥፋት ውስጥ፣ የድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ክተቱት። ስትለጥፉም ትንሹን ቅጂ እንጂ ለኅትመት የሚበቃውን አትልቀቁ። ፎቶ ስታነሱ ጠዋት መስኮት አጠገብ ይሁን፣ አምፖል ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል።

እሺ፣ እያዩኝ ነው፣ ሰዓት አልቋል መሰለኝ። አይ፣ አሥር ደቂቃ አለኝ? ጥሩ። እንግዲያው ጣሳውን ላውጣ።

ይኸውና፣ ይሄ ነው የቡና ጣሳችን። አሁንም ቡና ቡና ይላል። አባትሽን የሳልሽው፣ ነይ አንቺ አውጪ። አትዪ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ። ምን ይላል? ጮክ ብለሽ አንብቢው።

«እርሾ።»

እርሾ! ይሄን የጻፈችው አስተማሪዋ ናት፣ እጅ ጽሑፏን አውቀዋለሁ። እርሾ። ሰማችሁ ከኋላ ያላችሁ? ቀጣዩን ቅዳሜ እዚሁ፣ በዚሁ ሰዓት። ሥዕል ያልያዘ ሻይ አያገኝም።

እኔ መጀመሪያ የመጣልኝን አሁኑኑ ልንገራችሁና ይውጣልኝ፦ ቡሐቃ ውስጥ ኩፍ ያለ ሊጥ። እሱን አልስልም። ሁለተኛው ጎረቤት በር ላይ ጣሳ ይዛ የቆመች ልጅ ናት፣ «እማዬ እርሾ ስጡኝ ብላለች» የምትል። ይሄኛው… ቆይ፣ ይሄን አልነግራችሁም። ሳጥን ልሥራ መጀመሪያ።